ስለ ተሽከርካሪ ምርመራና ስለ ምስክርነቱ

ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር መታዘዙ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለዚህ አሳብ ምክንያት የሆናቸው ስሙ ሳይሆን አይቀርም፤ በመስተዋት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ቦሎ የምንለው ከኢጣልያንኛ በተወሰደ ቃል ሲሆን፥ ትርጓሜውም ማኅተምና የቀረጥ ቴምብር ነውና። በ2002 ዓ.ም. የታወጀው የተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ግን አሳቡ ሌላ ነው፤ ይኸውም ለመንገድ ብቁ መሆኑ ያልተረጋገጠ ተሽከርካሪ በሰው መካከል እንዳይነዳ ነው። እንግዲህ ቦሎን የሚሰጥ ሰው ስለማያውቃቸው መንገደኞች ሕይወት ይመሰክራል።

የምስክርነቱ አሠራር እንዲህ ነው። መርማሪው መኪናውን በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ አቁሞ፥ ፍሬኑ ሲረገጥ እያንዳንዱ ጎማ የሚይዝበትን ኃይል በመሣሪያ ያነባል፤ ቀኙ አጥብቆ ይዞ ግራው የላላ እንደ ሆነ መኪናው በድንገት ሲቆም ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ የዚህን አደጋ ይረዳዋል። የቤንዚን መኪና ጢስ የሚመዘነው በጢስ መውጫው ቀጭን ቱቦ ገብቶ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝና ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ ሲለካ ነው፤ በናፍጣው ግን ጢሱ የብርሃንን ጮራ ምን ያህል እንዳገደ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የናፍጣን ጢስ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ወገን ቈጥሮታል። አዲስ አበባም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ያልተስተካከለ አሮጌ ሞተር በእንዲህ ያለ ስፍራ ነዳጁን አጥርቶ ማቃጠል ይሳነዋል።

በእንግሊዝ አገር በ1960 ምርመራው ግዴታ ሲሆን ዐሥር ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች ብቻ ይመለከት ነበር፤ የሚታየውም ፍሬን፥ መብራትና መሪ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ጉድለት ስለ ተገኘባቸው ዕድሜው በማግሥቱ ዓመት ወደ 7፥ በ1967 ወደ 3 ዝቅ አለ፤ የጢስ ምርመራ በ1991 ተጨመረ። በዚያ አገር ምርመራው የገለጠው ነገር ሕጉን አጠበቀው።

መመርመሪያ ባለበት ግን ማታለልም አይጠፋም። በ2015 የጀርመኑ ፎልክስዋገን በዓለም ሁሉ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ውስጥ ያኖረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተገለጠ፤ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን እያወቀ ጢሱን ያጠራ፥ መንገድ ሲወጣ ግን ይለቀው ነበር። ለመገለጡም መነሻ የሆነው የአሜሪካው ዌስት ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሣሪያቸውን በመኪናው ጭነው፥ በመንገድ እየነዱ መለካታቸው ነው። ነጋዴ ሁለት ዓይነት መመዘኛ እንዳይዝ ኦሪት መከልከሏን ሊቃውንት ያውቁታል፤ ይህም መኪና ለመርማሪው አንድ፥ ለመንገደኛው ሌላ መመዘኛ ይዞ ነበር። ለምርመራ ቀን ደኅና ጎማ ተውሶ ቀርቦ፥ ማታ ያለቀውን ጎማ መልሶ የሚያስር ባለመኪና ቢኖር ሥራው ከዚህ በብልሃት ያንስ እንደ ሆነ እንጂ በዓይነት አይለይም።

መርማሪው ክፍያውን ከሚመረምረው ሰው እጅ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ፈተናው ይከብዳል፤ አንዱን በጉድለቱ ቢመልሰው ሰውየው ወደ ቀለለው ስፍራ ይሄዳልና። በአንዳንዶች ዘንድ የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ችግር ያስቀራል ይባላል፤ በእርግጥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ጢስ የሌለው መኪና ግን ፍሬንና ጎማ አለው፤ በባትሪውም ምክንያት ይከብዳል። አሮጌዎቹም ገና ለብዙ ዘመን በመንገዳችን ይኖራሉ።

ስለዚህ ይህ ሥራ የሚመለከታቸው ሹማምንት ቦሎ ከተሰጣቸው መኪናዎች ጥቂቶቹን ሳያስታውቁ በመንገድ አስቁመው ሁለተኛ ያስመርምሩ። ጉድለት ሲገኝም ባለመኪናው ብቻ አይከሰስ፤ በወረቀቱ ላይ የፈረመው መርማሪ ተጠርቶ ያን ቀን ያነበበውን ቍጥር ያሳይ።