አሮጌ ኮምፒውተር ከየትኛው ሃርድ ዲስክ ይነሣል?

ኮምፒውተር ሥራውን የሚጀምረው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከሃርድ ዲስክ በማንበብ ነው። ለማንበብ ግን ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ያለው እዚያው ዲስኩ ላይ ነው። ታዲያ ይህ ቋጠሮ እንዴት ይፈታል?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩት የአይ ቢ ኤም ዓይነት ኮምፒውተሮች ቋጠሮውን የሚፈታው ባዮስ ነው። ባዮስ በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ በቋሚነት የተጻፈ አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር በቅድሚያ ፍሎፒ ዲስክ መኖሩን ያያል። ከሌለ ከመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የመጀመሪያውን ሴክተር ብቻ፣ ማለትም 512 ባይት፣ ወደ ሜሞሪ ይገለብጣል። የሴክተሩ የመጨረሻ ሁለት ባይቶች 85 እና 170 መሆን አለባቸው። በሁለትዮሽ ሲጻፉ 01010101 እና 10101010 ናቸው፤ ምልክቱ በዘፈቀደ የተመረጠ እንደማይመስል አንባቢ ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ በሴክተሩ ውስጥ ላለው ፕሮግራም ይተላለፋል።

«የመጀመሪያው» ዲስክ የቱ ነው? ሁለት ዲስኮች በአንድ ኬብል ላይ ሲያያዙ እያንዳንዱ ትእዛዝ ለሁለቱም ይደርሳል። ስለዚህ ጃምፐር በምትባል ከጥፍር ባነሰች ማገናኛ አንዱ ማስተር፣ ሌላው ስሌቭ ይደረጋል። የዚያን ዘመን አብዛኞቹ ባዮሶች ከመጀመሪያው ዲስክ በስተቀር ሌላውን አይሞክሩም ነበር። በሁለተኛው ላይ የተሟላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢኖርም እንኳ እርሱን መምረጥ ማለት ኃይል አጥፍቶ፣ ክዳን ፈትቶ፣ የሁለቱንም ጃምፐር መቀያየር ማለት ነበር። ሁለቱም ማስተር ከሆኑ እኩል ስለሚመልሱ አንዳቸውም ላይታዩ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ባትሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣው ፒሲ ኤቲ ጀምሮ የሃርድ ዲስኩ ዓይነት የሚመዘገበው በባትሪ በሚጠበቅ ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ዲስክ እንዳለው ይረሳል። አንድ ተማሪዬ የብዙ ወራት የልኬት ውጤት የያዘ ዲስክ «ሞቷል» ብሎ ፎርማት ሊያደርገው ሲል ደርሼበታለሁ፤ የሞተው ባትሪው ነበር።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ባትሪውን ቀይሩ። ቀጥሎም በዲስኩ ላይ የተለጠፈውን የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥር ለባዮሱ ስጡ። ዲስኩ ቀድሞ በሌላ ቁጥር ተዘጋጅቶ ከነበረ ፋይሎቹ ተዘበራርቀው ይታያሉ፤ ስለዚህ የፋይሎቹ ዝርዝር በትክክል እስኪነበብ ድረስ ምንም ነገር አትጻፉበት።