መድኃኒት ከመርጨትዎ በፊት ቅጠሉን ይገልብጡት

የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ደጋ ለአፕልና ለኮክ ይስማማል፤ በግቢያቸው ሁለት ሦስት እግር የተከሉ ቤተሰቦችም አሉ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ግን ቅጠሉ ሊጨማደድ፣ ቅርንጫፉ ነጭ ነገር ሊለብስ ይችላል። ያኔ ለጤፍ ወይም ለስንዴ የተገዛ ፀረ ተባይ አንስተው አይርጩ። ልጆችዎ ፍሬውን ከዛፉ ቀጥፈው ይበሉታል፤ መርዙ ንቦችንም ይፈጃል። መጀመሪያ ጠላትዎን ይለዩ።

በአፕሉ ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ በጣትዎ ይጨፍልቁት። ቀላ ያለ ፈሳሽ ካወጣ ሻጋታ ሳይሆን ሱፍ ለባሹ የአፕል ክሽክሽ ነው። በሻካራ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ፈግፍገው ያስለቅቁት፤ ያበጡትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች ቆርጠው ያቃጥሉ። ይህ ተባይ ከአፈር በታች ሥሩንም ያጠቃል። ስለዚህ አዲስ ችግኝ ሲገዙ በምን ዓይነት ሥር ላይ እንደተዳቀለ ይጠይቁ፤ ኤምኤም 106 የተባለው ሥር ይህን ክሽክሽ ይቋቋማል።

የኮኩ ቅጠል ተጠቅልሎ ከሆነ ገልብጠው ይዩት። ከሥሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነፍሳት ከተኮለኮሉ ክሽክሽ ነው። ነፍሳት ሳይኖሩ ቅጠሉ ወፍሮና ቀልቶ ከተኮማተረ ግን የፈንገስ በሽታ ስለሚሆን የነፍሳት መድኃኒት አይፈውሰውም፤ የታመመውን ቅጠል ለቅመው ያስወግዱ።

ለክሽክሽ በ1 ሊትር ውኃ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ። ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል ይቅርብዎት። በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክረው ጉዳት ካላዩ፣ ፀሐይ በረድ ሲል የቅጠሉን ሥር እስኪርስ ይርጩ፤ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው።

ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ካዩም ይጠርጥሩ፤ ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው፤ ከጠላቶቹም ይጠብቀዋል። ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛ ግን አይንኳት፤ ክሽክሽ በላተኛ ናትና ከእርስዎ ጋር ወግናለች። ዩሪያም አያብዙ፤ ክሽክሽ የሚወደው ለምለምና ለስላሳ ቀንበጥ ነው።

የወደቀው ፍሬ ውስጥ ትል ካገኙ የፍሬ ዝንብ ሊሆን ስለሚችል ፍሬውን ከዛፉ ሥር አይተዉት። በየቀኑ ለቅመው ግማሽ ሜትር ያህል በተቆፈረ ጉድጓድ ይቅበሩት።

ይህን ሁሉ አድርገው ተባዩ ካልለቀቀ፣ የተጎዳውን ቅርንጫፍ በፌስታል ቋጥረው ለግብርና ባለሙያ ያሳዩ። መድኃኒት ከታዘዘልዎም ከርጭት በኋላ ፍሬው ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት ሳይጠይቁ አይመለሱ።