ክርና ቅንጣት

በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ክፍል ባቄላ መስሎ ተሥሎ፣ በሥሩም «የኃይል ማመንጫ» የሚል ተጽፎበት እናገኘዋለን። ስለ ሥራው የተባለው ልክ ነው፤ ሥዕሉ ግን ያሳስታል። ጀርመናዊው ሊቅ ካርል ቤንዳ በ1898 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያወጣለት «ክር» እና «ቅንጣት» የሚሉትን የግሪክኛ ቃላት አጋጠመ። ቋንቋ ከሚያጠናው ወገን ስለሆንን ይሆናል፣ እኛ ስሙን ከሥዕሉ አብልጠን እናምናለን።

ሕይወት ያለው ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሮቹ ይረዝማሉ፣ ይታጠፋሉ፤ ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ፣ አንዱም ተበጥሶ ሁለት ይሆናል። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት፣ ማርጋሬትና ዋረን ሉዊስ፣ ይህን የመልክ መለዋወጥ በ1914 እና በ1915 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መገጣጠምና መበጠስ ለምን ይጠቅማል? በምሳ ሰዓት የመመገቢያ አዳራሹን እናስብ። አንድ ተማሪ ወሬ ይዞ ቢቀመጥ በዚያ ገበታ ያሉት ወዲያው ይሰሙታል፤ ማንም ከመቀመጫው ካልተነሣ ግን ወሬው እዚያው ይቀራል። አንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ገበታ ቢሄድ፣ ከዚያም ሌላው ቢነሣ፣ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳይገናኝ ወሬው ዳር ይደርሳል። (ፈተና ተራዘመ የሚል ከሆነማ ምሳው ሳይበርድ ይደርሳል።)

በሕዋስም እንደዚሁ ነው። በክሩ ውስጥ ያለ ፕሮቲን በራሱ እየተናጠ እስከ ክሩ ጫፍ በፍጥነት ይሠራጫል፤ ነገር ግን ክሩ በሁለት ሽፋን የታጠረ ስለሆነ ዘሎ አይወጣም። ሊቃውንት ብርሃን ሲያርፍበት ማብራት የሚጀምር ፕሮቲን በክሮቹ ውስጥ አስገብተው አንዲቱን ቦታ ብቻ በጨረር ሲነኩ፣ መጀመሪያ ያ ክር ያበራል፤ ቆይቶም ሳይነኩ የቀሩት ክሮች አንድ በአንድ ይቀበላሉ። ማይቶኮንድሪያ 37 ጂን የያዘ የራሱ ዲ ኤን ኤ አለው፤ ይህም የተበላሸበት ክር ከጤነኛው ጋር ሲገጥም የጎደለውን ይጋራል።

ሁልጊዜ ተጋጥሞ መኖርም አይበጅም። የማይጠገነው ክፍል ተበጥሶ ካልተለየ ሕዋሱ ሊያስወግደው አይችልም።

ጉዳዩ ለላቦራቶሪ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ለመጋጠም የሚያስፈልገው ኦፓ 1 የሚባለው ጂን ሲበላሽ የዓይን ነርቭ ይመነምናል፣ ብዙ ጊዜም ከልጅነት ጀምሮ ማየት ይደክማል። ማይቶፉሲን 2 ሲበላሽ ደግሞ በመጀመሪያ የሚደክሙት እግሮች ናቸው፤ ወደዚያ የሚሄደው የነርቭ ሕዋስ ክንድ ከወገብ ተነሥቶ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማልና፣ ማይቶኮንድሪያውም ያን ሁሉ መንገድ መዳረስ አለበት።