ትረስት መፈረም ብቻውን ቤት አያስተላልፍም

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ወገኖቼ «ትረስት (ንብረትን በባለአደራ የሚያስይዝ ሰነድ) ስላለን ልጆቻችን ፍርድ ቤት አይሄዱም» ስትሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የቤቱ ባለቤትነት ሰነድ በማን ስም እንደሆነ ነው። አሁንም በአባት ስም ከሆነ፣ ትረስቱ ፎልደር ውስጥ ቢቀመጥም ቤቱ ፕሮቤት (የውርስ) ፍርድ ቤት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የቤቱ ሰነድ ወደ ትረስቱ ዞሮ ካውንቲው ዘንድ ይመዝገብ።

ባለንብረቱ ሲያርፍ ባለአደራው፣ ማለትም ትረስቱን የሚያስተዳድረው ሰው፣ ንብረቱን ወዲያው አያከፋፍልም። በ60 ቀን ውስጥ ለሕጋዊ ወራሾችና ለተጠቃሚዎች በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ትረስቱን መቃወም የሚፈልግ ማስታወቂያው ከተላከለት ጀምሮ በአብዛኛው 120 ቀን አለው። ባለአደራው ዕዳና ግብር ይከፍላል፣ ሂሳብ ያሳያል፣ ከዚያ ያካፍላል። ታላቅ ወንድም ባለአደራ ሆነ ማለት ንብረቱ የእሱ ሆነ ማለት አይደለም!

የሕይወት ኢንሹራንስና የጡረታ ሂሳብ ደግሞ በአብዛኛው የሚሄዱት በትረስቱ መሠረት ሳይሆን የተጠቃሚ መምረጫ ቅጹ ላይ ስሙ ለተሞላው ሰው ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አድራሻና የሂሳብ ቁጥር ግን እዚህ አትለጥፉ።