የገጠር መንገድ ጥገናና የሕዝብ ትራንስፖርት በምዕራብ ጎጃም

አዲስ አበባን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ከባሕር ዳር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በፌዴራል መንግሥት ኃላፊነት ሥር ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷልና። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገነጠሉት መንገዶች ግን የክልልና የወረዳ ድርሻ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በጋ ከክረምት በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በተሠራው ኪሎ ሜትር ብቻ ሲለካ ጥገና ይዘነጋል። የውኃ መውረጃ ቦይ በወቅቱ ካልተጠረገ ጎርፍ ጠጠሩን ያጥበዋል። መንገዱ ሲቆረጥ ስምሪትና ታሪፍ ቢወጣም ተሽከርካሪው ከመናኸሪያ አይንቀሳቀስም፤ የጃቢ ጠህናን ገበሬ በቆሎና በርበሬም ከገበያ ይቀራል። ስለሆነም የወረዳ ዕቅድ መለኪያ መሆን የሚገባው መንገዱ በክረምት ተሽከርካሪ ያስተናገደባቸው ቀናት ብዛት ነው።