ከግድቡ ሥር ማን ይኖራል?

ግድብ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ጉባ ይሄዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ የማያውቅ የለም፤ መሐንዲስና ጠባቂም አይለየውም። እዚህ የምናስተዋውቀው ስም የሌለውን ታናሹን ነው። ቁመቱ ሦስት ወይም አምስት ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ባለይዞታ፣ አንድ ድርጅት ወይም አንድ ማኅበር ለመስኖ፣ ለከብት ወይም ለግንባታ ውሃ እንዲሆነው ብሎ በጅረት ላይ ያቆመው የአፈር ግድብ ነው።

ዓለም አቀፉ የትልልቅ ግድቦች ኮሚሽን ግድብን «ትልቅ» የሚለው ከመሠረቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ቁመት ኖሮት ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ሲይዝ ነው። ከዚያ የሚያንሰው በብዙ አገር ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። መዝገብ ውስጥ ባለመግባቱ ግን ውሃው አይቀልም። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ 15,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ክብደቱ 15,000 ቶን ማለት ነው። አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የአምስት ቶን ጫና ይሸከማል። ጫናውን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው፤ የኩሬው ስፋት የሚወስነው ግድቡ ሲፈርስ ስንት ውሃ እንደሚወርድ ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውሃ የሚያልፍበት ክፍለ ከተማዋ ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከከተማዋ በስተምዕራብ ካለው ከገፈርሳ ይነሣና በኮልፌ በኩል ወደ መካኒሳና ላፍቶ ወርዶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ ጉዞው ወደ አዋሽ ነው። ገፈርሳ ለመጠጥ፣ አባ ሳሙኤል ለኤሌክትሪክ የተሠሩ ግድቦች ናቸው። ስለዚህ ወንዙ በራሱም በእግሩም ግድብ አለው፤ ሁለቱም ባለቤታቸው የሚታወቅ፣ ኃላፊ ያላቸው ናቸው። በመካከል ግን በየገባሩ ላይ የሚሠራውን ሁሉ የሚያውቀው ማን ነው? በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ በኩል የወንዙን ዳር ይዘው ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። በበጋ ወንዙ ሲቀጥን አፈር የሞሉትን የማዳበሪያ ከረጢት ደርድረው ውሃውን ያቆሙና በሞተር ይስባሉ። በክረምት ጎርፍ የሚወስደው እንዲህ ያለ መከተሪያ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው በሚቀጥለው ዓመት በድንጋይ፣ በሦስተኛው ዓመት በአፈርና በሲሚንቶ እየተጠናከረ፣ ንድፍ ሳይኖረው ቀስ በቀስ ግድብ የሆነው ነው።

አፈሩን እንይ። በደቡብ አዲስ አበባ ሰፊው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሚያዝያ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በላፍቶና በለቡ ቤት የሠራ ሰው ይህን ከግድግዳው ያውቀዋል። ከዚህ አፈር የተሠራ ግድብ በበጋ ኩሬው ሲጎድል ከአናቱ ጀምሮ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው የሰኔ ጎርፍ መጥቶ ኩሬውን በአንድ ሌሊት ሲሞላው ስንጥቁ ለመገጠም ጊዜ አያገኝም፤ ውሃው ገብቶ መንገድ ያበጃል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ አስጊው ወቅት ነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ደረቅ ግድብ የመጀመሪያውን ውሃ የሚቀበልበት ሳምንትም ነው።

የአፈር ግድብ የሚፈርስባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ውሃ በአናቱ ሲሻገር ነው። አፈር ውሃን ከጀርባው ማቆም ይችላል፤ በላዩ ሲፈስበት ግን ይሸረሸራል፣ ከዚያ በኋላ ማዳን አይቻልም። ለዚህ ነው ማንኛውም ግድብ፣ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ከአናቱ ዝቅ ብሎ በጎን በኩል በድንጋይ ወይም በኮንክሪት የተሠራ የጎርፍ ማስተንፈሻ የሚያስፈልገው። ማስተንፈሻው የሚለካው በየዓመቱ ለሚመጣው ዝናብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ አንዴ ለሚመጣው ነው። ባለቤቶች ግን በመስከረም ዝናቡ ሊወጣ ሲል ለበጋ ጥቂት ውሃ ለመጨመር ማስተንፈሻውን በከረጢት ይዘጉታል። አሜሪካ ውስጥ የደቡብ ፎርክ ግድብ ባለቤት የነበረ የዓሣና የአደን ክበብ ዓሣው እንዳያመልጥ ብሎ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አደረገ፤ የግድቡንም አናት ለሠረገላ መንገድ ዝቅ አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ ግድቡ ፈረሰ፣ ጆንስታውን በተባለችው ከተማና አካባቢዋ ከ2,200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ሁለተኛው መንገድ ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ውሃ ውስጥ ለውስጥ እየቦረቦረ አፈሩን ይዞ ይወጣል። መነሻው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ፣ የጃርት ዋሻ፣ ወይም «አፈሩን ይይዝልኛል» ተብሎ ግድቡ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው ሥር ቱቦ ይሆናል። ግድብ ላይ ሣር እንጂ ዛፍ አይተከልም። ወንዝ ዳር ሁሉ የምናየው ጋቢዮንም፣ በሽቦ የታሰረው የድንጋይ ክምር፣ ዳር እንዳይናድ የሚረዳ እንጂ ውሃ የሚያቆም አይደለም፤ በድንጋዮቹ መካከል ውሃ ያሳልፋል።

ይህን ችግር በጊዜ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠባቂው በግድቡ ታች በኩል፣ ግርጌውን ይዞ፣ በዝግታ ይራመድ። እግሩ የሚሰምጥበት ረግረግ፣ በደረቅ ወቅት ብቻውን የለመለመ ሣር፣ ከአፈር የሚፈልቅ ውሃ ካለ ይቁም። መጠነኛ ስርገት ያለበት የአፈር ግድብ ብዙ ነው፤ የሚፈለገው የውሃው መልክ ነው። ከሚፈልቀው ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ አንድ ሌሊት ያሳድረው። ጠዋት ውሃው ጥርት እንዳለ ከሆነ ደብተር ላይ ቀኑንና መጠኑን ይጻፍ። ከጠርሙሱ ሥር ጭቃ ከረጋ ግን ያ ጭቃ ከግድቡ ሆድ የወጣ ነው፤ የዚያኑ ቀን መሐንዲስ ይጠራ፣ ውሃው በግርጌ ማስወጫው ይቀነስ። ማስወጫ ቧንቧ የሌለው ግድብ በዚህ ሰዓት ባለቤቱን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ሲገነባ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትም ይኸው ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በኢትዮጵያ ውሃ የግል አይሆንም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመገንባት አስቀድሞ ፈቃድ እንዲወሰድ ያዛል፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና የውሃ ወፍጮን ግን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊያውቅ ባይችልም እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን በቁጥር 2077 ይደነግጋል፤ የመሬትን አቀማመጥ ለውጦ ሌላውን ለተለየ አደጋ ያጋለጠም በቁጥር 2069 ይጠየቃል። ሕግ አለን። ነገር ግን ፈቃድ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ግድብ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ይቆማል፤ ካሳም የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው። በመካከሉ በየዓመቱ መጥቶ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። የአቃቂ ገባሮች ከኦሮሚያ ተነሥተው በከተማዋ አልፈው ተመልሰው ኦሮሚያ ስለሚገቡ፣ የላዩ አስተዳደር ያየውን ለታችኛው ካልነገረ ቁጥጥሩ ግማሽ ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው። የግድብ ደኅንነት ባለሙያዎች አደጋውን የሚመድቡት በቁመቱ ወይም በእርጅናው ሳይሆን ቢፈርስ ታች በሚጎዳው ነው። ከሥሩ የግጦሽ መስክ ብቻ ካለ ዝቅተኛ ነው፤ ሰው የሚያድርበት ቤት ካለ ከፍተኛ ነው። በዚህ ሚዛን ንፋስ ስልክ ላፍቶን ተመልከቱ። ጀሞ፣ ለቡና ሐና ማርያም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻነት ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ መኖሪያ መንደርነት ተለውጠዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ትናንት ጤፍ ብቻ ያሰጋ የነበረ ኩሬ፣ አንድ አካፋ አፈር ሳይጨመርበት፣ ዛሬ ልጆች የሚተኙበትን ቤት ያሰጋል። ግድቡ ባይለወጥም የቁጥጥሩ ደረጃ መለወጥ ነበረበት።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን በሐዘን ተምራለች። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በናኩሩ አውራጃ ሶላይ በተባለው ስፍራ የአንድ የግል እርሻ ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ በምሽት ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ፈቃድ እንዳልነበረው የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1977 በሌሊት፣ ከአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በላይ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ ተደርምሶ 39 ሰዎች ሞቱ። ግድቡ የቆመው በትንሽ ጅረት ላይ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት የተነሣ ፎቶ የግድቡ የታች ፊት መንሸራተቱን ያሳያል። ያየው ሰው ነበር፤ ተቀብሎ የሚመረምር አካል ግን አልነበረም። ጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ሕግ ያወጣችው በዓመቱ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ማንም ግድብ ብሎ ያልሠራው ግድብም አለ። ወንዝ የሚሻገር የመንገድ ሙሌት ከሥሩ ያለው ቱቦ በፌስታልና በፍርስራሽ ሲደፈን፣ በስተላዩ ውሃ እያቆረ ማስተንፈሻ የሌለው ግድብ ይሆናል። ስለዚህ ከሰኔ በፊት የሚደረግ የቱቦ ጠረጋ ለጽዳት ብቻ ሳይሆን ለሰው ሕይወትም የሚደረግ ሥራ ነው።

ለክፍለ ከተማው ወረዳዎች የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በየጅረቱ ላይ ውሃ የሚያቆመውን ሁሉ በእግር ሄደው ይመዝግቡ፤ ባለቤቱን፣ ቁመቱን፣ ማስተንፈሻው ክፍት መሆኑን፣ ከሥሩ ስንት ቤት እንዳለ ይጻፉ፤ በየግንቦቱ ይመለሱ። ነዋሪውም ከላዩ ኩሬ መኖሩን ይወቅ። ከግድብ ግርጌ የደፈረሰ ውሃ ሲፈልቅ ወይም ውሃ በአናቱ ሲሻገር ያየ ሰው ባለቤቱን ፍለጋ አይሂድ። ከታች ያሉትን ቀስቅሶ ወደ ከፍታ ያውጣ፣ ለእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር በ939 ይደውል።