የገጽ አቅጣጫ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል

ሥዕል ከመስመር፣ ከቅርጽ፣ ከቀለም፣ ከብርሃንና ከባዶ ስፍራ የሚሠራ መሆኑ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ክብርን፣ የጋደመው ዕረፍትን፣ የተሰባበረው ሁከትን ማሳደሩ፣ ቀይ ማነሣሣቱና ሰማያዊ ማረጋጋቱ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ አልናገርበትም። እነዚህ ነገሮች የሰውን ልብ እንዴት እንደሚመሩ ሊማር የሚሻ ግን ሩቅ ሳይሄድ፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ፣ የመላእክት ገጾች በተርታ ከሞሉት ጣራ ጀምሮ ግድግዳውን ያለበሱትን ሥዕሎች ቀስ ብሎ ቢመረምር ይበቃዋል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የገጽን አቅጣጫ ነው። በቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ሥርዓት ጻድቃንና ሰማዕታት ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ሲሣሉ፣ ሰይጣን፣ የጌታችን ሰቃዮችና በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ የተቀመጠው ይሁዳ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ብዙ ሰው ይህን ኃጥኡን ከጻድቁ ለመለየት የተበጀ ምልክት ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ምልክትነቱ እውነት ቢሆንም ምሥጢሩ ከዚያ ይጠልቃል። ቅዱሱ ትልልቅ ዓይኖቹን በምእመኑ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ በፊቱ የቆመው ሰው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ቢል ከእይታው የሚያመልጥ አይመስለውም፤ ከዚህም የተነሣ ፍርሃት የተቀላቀለበት መጽናናት ያድርበታል። በጎን የተሣለው ግን በሥዕሉ ውስጥ ያለውን እንጂ እኛን ስለማይመለከት፣ ክፋቱን እያየን ከክፋቱ ጋር ዓይን ለዓይን ሳንጋጠም እናልፋለን። ሥርዓቱ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ የ1888 ዓ.ም. የዐድዋን ድል እስከሚያሳዩት ሥዕሎች ደርሷል፤ በእነዚህም ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ከላይ ሲታይ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ገጹን ወደ እኛ ይመልሳል፣ የጣልያን ወታደር ግን በጎኑ ይቀራል።

አንድ የተማረ ወጣት በዚያው በደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገቤ ቆሞ፣ የቅዱሳኑ ገጽ ጠፍጣፋ የሆነው ሠዓሊዎቹ ጥላ ማውጣት ስለማያውቁ ነው ሲል ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። በ1591 እ.ኤ.አ. በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ ጥላና ብርሃናቸው በጥቁር መስመር የተለየ ሥዕሎች ነበሩበት፤ የቀደሙት የጎንደር ሠዓሊዎች ወንጌሉን በብራና ሲሥሉ የሰዎቹን አቀማመጥ ከዚያ ወስደው፣ ጥላውን ትተው፣ በጥላው ፈንታ ያልተቀላቀለ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሞሉበት። ጥላ ከዓይናቸው ፊት ነበረ፤ አልተቀበሉትም። ጥላ ያለበት ሥዕል ብርሃኑ ባንድ ወገን፣ ሰዓቱም ከቀኑ ባንዱ ክፍል የተወሰነ ይሆናል፤ የእነርሱ ቅዱሳን ግን ማታና ጧት በማይፈራረቁበት ብርሃን ውስጥ ይኖራሉ።

ይህን ሳያስተውሉ፣ አሮጌውን ሥዕል አድሰናል እያሉ በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም የሚሸፍኑና ለቅዱሳኑ ጉንጭ ጥላ የሚጨምሩ ሰዎች፣ ሥዕሉን ከነመንፈሱ ያጠፉታል። የደብር አለቆችና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ጣራው ቢያፈስ ጣራውን አስጠግኑ፤ ሥዕሉን ግን የጥንት ሥዕል ጥገና የተማረ ባለሙያ ሳይመረምረው ማንም ብሩሽ እንዳያስነካው ከልክሉ።